በሰደቃ ኬክ ላይ ምን ይባላል?

አማርኛ ተናጋሪ ምን ማለት እንዳለበት ጠፍቶት አፉን ከፍቶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ላስነጠሰው “ይማርህ” አለ። አዲስ ልብስ ለለበሰው “በላይህ ይለቅ” አለ። ለወለደች፣ ከመንገድ ለገባ፣ ሞት ለደረሰበት፣ ለሁሉም ቃሉ ተቆርጦና ተሰፍቶ ተዘጋጅቷል። የእኛ ሥራ ልኩን አይቶ ማልበስ ብቻ ነው። አያቶቻችን የረሱት አንድ ነገር ቢኖር፣ ለሞተ ሰው ሰደቃ ተብሎ የተጋገረ ኬክ የቀረበለት ሰው ጎርሶ ሲያበቃ ምን እንደሚል ነው። አልፈርድባቸውም፤ ኬኩ ራሱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት። እኔ ግን በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ገብቼ ከሰመራ እስከ አዋሽ ተንከባለልኩ።

ባሌ ይማም የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ በገላፊ ኬላ ገብቶ መሀል አገር ያራግፋል። ሰው ሹፌር ሲባል የሚነዳ ይመስለዋል። ወደብ ላይ የሹፌር ዋና ሥራ መጠበቅ ነው። ሌላው ሲጠብቅ ይቅማል፣ ካርታ ይጫወታል፣ መንግሥትን ያርማል። ይማም ግን አንዲት ዳቦ ቤት በር ላይ እየተቀመጠ ኬክ መጋገር ተማረ። ጓደኞቹ ለሚስቶቻቸው ሽቶና ድሪያ ቀሚስ ሲያመጡ እሱ ለእኔ ቤኪንግ ፓውደር ይዞልኝ መጣ። በዕለቱ እጅግም አልተደሰትኩም።

ሰመራ ላይ ኬክ መጋገር ማለት እሳት ውስጥ ተቀምጦ ሌላ እሳት መለኮስ ነው። ቅቤው ሳይነኩት ዘይት ይሆናል። እንቁላሉ ከደጋ በመኪና ሲመጣ መንገዱ አስቀድሞ መትቶልሻል። ምድጃችን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የወጣ ቸርኬ ነው። ፍሙ ቸርኬው ውስጥ፣ ድስቱ ከላይ፣ በድስቱ ክዳን ላይ ደግሞ ሌላ ፍም። ይማም ሰዓት አያይም ነበር። ጆሮውን ወደ ድስቱ ጠጋ አድርጎ እንደ ሞተር ያዳምጠዋል። ያልበሰለ ኬክ ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል፤ ሲበስል ዝም ይላል። “ዝም ሲል አውርጂው፤ ዝም ያለን ነገር ደግሞ መነካካት ለጠብ ነው” ይለኝ ነበር። ይህን ለኬክ ብቻ ይሁን ለእኔም ጭምር ያለው እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ክሬም በእኛ ሙቀት ስለማይቆም፣ የተፈጨ ስኳር በሎሚ ለውሶ ላዩን ነጭ ያለብሰዋል። ሲደርቅ እንደ ኖራ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ ቢላውን ይዞ ለግቢው ሁሉ ይቆርሳል። ኬክ ለብቻ ከተበላ ዳቦ ነው የሚል እምነት ነበረው። በእኛ ግቢ ደግሞ ሰሃን ባዶውን አይመለስም። አንዱ ሰሃን ሳምቡሳ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ቴምር፣ ከአፋሮቹ ቤት የፍየል ወተት። ከግቢው ጥግ ያለው ወንደላጤ የቢሮ ሠራተኛ ብቻ ሰሃኑን አጥቦ ይመልሳል፤ እሱንም ስለማጠቡ እናመሰግነዋለን። ኬክ ቤት ሄዶ ገዝቶ መብላት እኮ ይህ ሁሉ የለውም። ትከፍያለሽ፣ ትበያለሽ፣ አፍሽን ጠርገሽ ትወጫለሽ። ሰሃኑን ይዞልሽ የሚመጣ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ይማም ገላፊ ወረፋ ላይ ጋቢናው ውስጥ ጋደም እንዳለ ሳይነሳ ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሹፌሮቹ ሙቀቱ ነው አሉ። እናቱ እማ ሐዋ ቀኑ ነው አሉ። አዋሽ፣ እናቱ አገር ወስደን ቀበርነው። ፍየል ታርዶ ሰደቃው ወጣ፤ ቁርአኑ ተቀራ፤ ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ሆነ።

እኔና ይማም ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ የይማም የሆነ፣ የእኔም የሆነ ሰው አንድ እማ ሐዋ ናቸው። ልጅ የሌላትን ሴት ከሟች ባሏ ቤት ጋር የሚያያዛት ክር ቀጭን ነው። ሌላኛው ጫፍ በሰው እጅ ነው፤ ሰውየው ከለቀቀው የሚጠይቀው የለም። እማ ሐዋ እስከ ዛሬ አልለቀቁትም። በስልክ “አንቺ ልጅ፣ በላሽ?” ይሉኛል። “በላሁ እማ” እላለሁ። “ውሸታም” ይሉኛል። በቃ። ያቺ “ውሸታም” ለእኔ የልጅነት መታወቂያዬ ናት። እሷ ከጠፋች እኔ ሰመራ ላይ የቀረሁ አንዲት የወሎ ሴት ነኝ፤ የማንም ምንም አይደለሁም።

ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ከፈጸምኩ በኋላ በአንድ ጁምዓ ለይማም ትንሽ ሰደቃ ላውጣ አልኩ። ትልቅ ድግስ አይደለም፤ ለአዋሽም አልነገርኩም። ቴምር ልግዛ ወይስ ቂጣ ልጋግር ስል ቆየሁና ዓይኔ ቸርኬው ላይ አረፈ። ሰውየው የሚወደውን ነው ማውጣት። እንቁላሉን መታሁ፣ ፍሙን ከላይና ከታች አደረግሁ፣ ጆሮዬን ድስቱ ላይ ጣልኩ። ዝም ሲል አወረድኩት። ከላይ ነጩን አለበስኩት። እሱ እንዳደረገው ለማድረግ ስል ትንሽ ሳላስውበው አልቀረሁም።

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ በራፍ ላይ ጥላው ሥር ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ገቡ። ዱዓ ተደረገ። ቆረስኩና አዞርኩ። ሁሉም ጎረሰ። ከዚያ ያ የነገርኳችሁ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ሰዉ ሁሉ የሚለው ጠፋው። ለሰደቃ የሚባለውን እንዳይሉ አፋቸው ውስጥ ያለው የልደት ጣዕም ነው። ለኬክ የሚባለውን እንዳይሉ ቤቱ የሐዘን ነው። ሁሉም ማላመጡን አስረዘመ። እንዲያ በቀስታ የተላመጠ ኬክ አይቼ አላውቅም።

ዘይነባ የምትባል ባለ ሱቅ ጎረቤት አለችኝ፤ አፏ ከልቧ ቀድሞ የሚደርስ ደግ ሴት። ዝምታው ከበዳት መሰለኝ፣ ቀና አለችና “እንኳን ደስ አለሽ” አለችኝ።

አንድ ሰው ቃል ሲያገኝ ሌላው ምን ያህል እንደሚገላገል አትጠይቁኝ። “እውነት ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ” አሉ ሌሎቹ፣ ከወንዶቹም ወገን ተደገመ። ዘይነባ ያለችው ነገር የገባት ከዚህ በኋላ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የእኔ ነው። የአማርኛ ምላስ ከሰውየው ፈቃድ አይጠይቅም። “እንኳን አብሮ ደስ አለን” ብዬ መለስኩ።

ያኔ ወንዶቹ መሀል ሁመድ ነበር። ሁመድ የይማም ወዳጅ የሆነ አፋር ነው። ፍየል ይነግዳል፤ ይማም በመኪናው ከሰመራ አዋሽ ሲያደርሰው ኖሯል። የአፋርን ዳጉ እዚህ አካባቢ የማያውቅ የለም፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ምንም ቢቸኩሉ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን ነበር፣ ምን አለ ይባባላሉ። ጨምሮ የተናገረ፣ ቀንሶም የተናገረ ሰው ይነወራል። እኛ ደገኞቹ አንድ ወሬ ስናወራ ጨው እንጨምርበታለን፣ ቅመም እናደርግበታለን። ዳጉ ግን ጥሬውን ነው የሚያደርሰው። ይማም ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም፤ ሁመድን ነበር የሚጠይቀው።

ሁመድ በማግስቱ አዋሽ ወረደ። የወዳጁ እናት ናቸውና እማ ሐዋ ቤት ጎራ አለ። በደግ ልብ ያየውንና የሰማውን አስረከበ። የይማም ቤት ሰው ተሰብስቧል። ነጭ ኬክ ተቆርሷል። ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ብለዋታል። እሷም እንኳን አብሮ ደስ አለን ብላለች። አንድም አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም። ዳጉ አልዋሸም። የዋሸችው አማርኛ ናት።

እኔ ይህን ሁሉ አላወቅሁም። የይማም ታናሽ ወንድም ሰይድ፣ አዋሽ አርባ የሚኖረው፣ ደወለልኝ። ሰይድ ሲጠራኝ “እህት ዓለም” ነው የሚለኝ። ያን ቀን ግን በስሜ ጀመረ።

“ሰዓዳ፣ ኬክ ቆርሰሽ ነበር?” አለኝ።

“አዎ ቆርሻለሁ” አልኩት።

“ሰው ነበር?”

“ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ።”

“እንኳን ደስ አለሽ አሉሽ?”

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ባላውቅም መዋሸት አልቻልኩም። “አዎ፣ ብለውኝ ነበር፣ ግን እኮ” ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ወይም ሰይድ አቋረጠው። ሰመራ ላይ ተቀምጦ ይህን መለየት አይቻልም። ተመልከቱ እንግዲህ፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሰይድ ጆሮ የደረሰው ግን አንዲት ያገባች ሴት ናት። “ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች” ይባላል። ዶሮዋ ቢያንስ የሰማችው የሌላውን ነው፤ እኔ የታነቅሁት በገዛ ቃሌ ነው።

እማ ሐዋ ጋ ደወልኩ። አልተነሳም። በማግስቱም አልተነሳም። በልቼ እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። ደግሜ ስደውል አንዲት የጎረቤት ሴት አነሳችና “ተኝተዋል ይላሉ” አለችኝ። ይላሉ አለችኝ እንጂ ተኝተዋል አላለችኝም። ክሩ ሲላላ ተሰማኝ።

በስልክ የተበላሸ ነገር በስልክ አይቃናም። ሌላ ኬክ ጋገርኩ። ለምን ባዶ እጄን አልሄድኩም ካላችሁኝ፣ ጥፋቱን ያደረሰው ኬክ ስለሆነ ቀርቦ ይመስክር ብዬ ነው። ከነድስቱ በነጠላ አስሬ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና ቦታዬን ቀየረው። “ሙሽራ ከኋላ አይቀመጥም” ብሎ ድስቱን ከነባለቤቱ ጋቢና አደረገን።

ሙሽራ አይደለሁም ብል መንገደኛው ሁሉ ታዲያ ኬኩ ምንድን ነው ሊል ነው። የሙት ሰደቃ ነው ብል ደግሞ እስከ አዋሽ ሊያጽናናኝ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታ ግን እንደ መልስ ይቆጠራል። ሚሌን ሳናልፍ መኪናው ሁሉ ወደ ሰርጌ መሄዴን አወቀ። ገዋኔ ላይ ለሻይ ስንቆም፣ ከሸንኮራ እርሻ የሚመለሱ አንድ የጎጃም ሰው ቆባቸውን አውልቀው “ትዳሩን የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ፣ ልጄ” ብለው መረቁኝ። ምርቃት በእጅ አይመለስም። “አሜን” አልኩ። አላገባሁም ብዬ ልምል የምሄድ ሴት፣ ትዳሬን አስመርቄ ነው አዋሽ የገባሁት።

እማ ሐዋ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ወዲህ ነው ቤታቸው። ስገባ ሰይድም ነበር፤ አየኝና ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እማ ሐዋ ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝና “እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ” አሉ።

ከኋላዬ ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ዞር አልኩ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ሰይድ ወንበር አመጣ። እዚያ ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ ቦታዬ እማ ሐዋ ጎን ምንጣፉ ላይ ነው። ተቀመጥኩ። ከላይ ሆኜ ማየቴ ራሱ አሳፈረኝ። “መንገዱ እንዴት ነበር? ውሃ ይምጣልዎት?” አሉኝ። በአማርኛ የሰው ልጅ ሊሰደብ ከሚችልባቸው ስድቦች ሁሉ እንደ አክብሮት የሚከብድ የለም። ክፉ ቃል ቢሉኝ እመልስ ነበር። “እርስዎ” ለተባለ ሰው ምን ይመለሳል?

“እማ፣ እኔ እኮ ነኝ” አልኩ።

“አውቄያለሁ። ዓይኔ አልጠፋም” አሉ።

ድስቱን ከነጠላው ፈትቼ ምንጣፉ ላይ አኖርኩና እኔም ከወንበሩ ወርጄ ከጎኑ ቁጭ አልኩ። ከሰደቃው ጀምሬ እስከ ዘይነባ ምላስ፣ ከዚያም እስከ እኔው ምላስ ነገርኳቸው። ሰይድ መሀል ላይ ግድግዳውን ትቶ ቀረበ። እማ ሐዋ እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም። ከዚያ ድስቱን አዩ።

“ለልጄ ሰደቃ ኬክ?”

“ይወድ ስለነበር ነው፣ እማ።”

“ፍየል አይወድም ነበር?”

“ይወድ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ፍየል መውደዱን ሁሉም ሰው ያውቅለታል” አልኩ። “ኬኩን የማውቅለት እኔ ነኝ።”

ሰይድ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እኔ ጉልበቴን አየሁ። እማ ሐዋ ድስቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ “እና አላገባሽም?” አሉኝ።

አማርኛ ብዙ ፊደል አላት። ያን ቀን ግን ከሁሉም “ሽ” ትበልጥ ነበር።

“አላገባሁም እማ፣ ወላሂ።”

“ምነው ታዲያ ያን ሁሉ ሰው እንድጣላ አደረግሽኝ?” አሉ። ለካ ወሬው አዋሽ ሲዛመት፣ ዓመት ሳይሞላው አገባች ብለው ያሙኝን ጎረቤቶች ሁሉ እየዞሩ የተቆጡት እሳቸው ናቸው። ወጣት ናት፣ አላህ የፈቀደውን እናንተ ምን አገባችሁ ብለዋቸዋል። ሁለቱን ጭራሽ አላናግርም ብለዋል።

ሰይድ ደንግጦ “እማ፣ ተቆጥተሽ አልነበር እንዴ?” አላቸው።

“ተቆጥቻለሁ እንጂ” አሉ። “ልጄ ስታገባ ሳልጠራ ከፍየል ነጋዴ ልስማ? ድሬ፣ መርቄ፣ ኬኩን እኔ አስቆርሼ አልነበር የሚገባኝ?” ወደ እኔ ዞሩ። “ማግባትሽ መሰለሽ የከፋኝ? አንቺ ደግሞ ጭንቅላት የለሽም።”

ጭንቅላት እንደሌለኝ በማረጋገጥ ጀምረው፣ መክሳቴን፣ ስልክ አለመደጋገሜን፣ ጎረቤት አለመምረጤን እያነሱ እስኪመሽ ሰደቡኝ። ሁሉም በ“ሽ” ያልቅ ነበር። አንዱንም አልተከራከርኩም።

ኬኩን ቀመሱት። ስኳሩ በዝቷል አሉ። ደግመው ቀመሱና አዎ በዝቷል አሉ። አንዱን ቁራሽ በሰሃን ከድነው ከትራሳቸው በኩል አስቀመጡ። ልጃቸው ይህን ነገር ሲጋግር አይተውት አያውቁም፤ እናት ቤት ሲመጣ ወንድ ልጅ ሆኖ ነው የሚመጣው። “ራሱ ነበር የሚያቦካው?” ብለው ጠየቁኝ። ራሱ ነበር አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና “ለእኔ ሻይ እንኳ አፍልቶልኝ አያውቅም” አሉ። ማዘናቸው ይሁን ወቀሳቸው አልታወቀኝም፤ እሳቸውም የወሰኑ አልመሰለኝም።

በነጋታው ልመለስ ስል የወሬውን ነገር አነሳሁ። ሁመድን ያግኙትና ያስተካክልልኝ፣ ስሜ ከአዋሽ እስከ ገላፊ ጠፋ አልኳቸው።

“ምኑን ያስተካክል?” አሉኝ። “እሱ እንደሁ አገባች አላለ።”

“ሰው ግን ያገባሁ መስሎታል እኮ።”

“ይምሰለው። ባል አላት ከተባለ ደጅሽን የሚያንኳኳ ዋልጌ የለም። ደግሞስ ውሸት ነው? የልጄ ሚስት አይደለሽም?” ብለው ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። ድስቱ ውስጥ ባቄላ ሞልተውበት ነበር።

እንዲህ ነው እንግዲህ ሰመራ ላይ ባል ያላት ሴት ሆኜ የተመለስኩት። የግቢዬ ሰው እውነቱን ያውቃል። ከግቢው ውጭ ያለው አያውቅም። ገበያ ላይ፣ ሎግያ መኪና መሳፈሪያ ላይ፣ “ባለቤትሽ ደህና ነው?” ይሉኛል። “አልሐምዱሊላህ” እላለሁ። አልሐምዱሊላህ ለጤናም ለሞትም ይሆናል፤ ለማንም አልዋሸሁም።

በቀደም ዕለት አንዲት የቢሮ ሴት፣ ለሰመራ አዲስ ናት፣ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ አገኘችኝ። “ባልሽን አንድም ቀን አላየነውም፤ እንዴት ያለ ሰው ነው?” አለችኝ። የያዝኩትን ዱቄት መሬት አስቀመጥኩና ነገርኳት። ጅቡቲ ዳቦ ቤት በር ላይ መቀመጡን፣ ድስት ማዳመጡን፣ ለግቢው ሁሉ ቆርሶ ለራሱ ከክዳኑ ላይ የተጣበቀውን መብላቱን። ፀሐይዋ ከጥላው እስክታወጣን ድረስ ነገርኳት። ዘይነባ ከውስጥ ሆና ስኳር ትመዝን ነበር፤ እጇ ቆሟል።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። “በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ወንድ አለ?” አለችኝ።

“የለም” አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች።